የዜኒቱ ሌንስ ገና አላለቀለትም

ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ወይም ምሥራቅ ጀርመን ቆይቶ የተመለሰ ዘመድ ካለዎት፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድ ዜኒት ወይም ፕራክቲካ ካሜራ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ካሜራው ራሱ ምናልባት ሹተሩ ደርቋል፤ ፊልም ማጠንጠኛውም አይሠራም። ከፊቱ የተጠመዘዘው ሌንስ ግን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው። ይህንኑ ሌንስ ፈትተው፣ ዛሬ በሚሸጥ ሶኒ፣ ካኖን፣ ኒኮን ወይም ፉጂፊልም ሚረርለስ ካሜራ ላይ መግጠም ይችላሉ። በመካከል የሚገባው አዳፕተር የሚባል ቀለበት ነው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ይለዩ። ሌንሱ ላይ 2፣ 2.8፣ 4፣ 5.6 እያለ እስከ 16 ወይም 22 የሚሄድ፣ በእጅ የሚዞር የአፐርቸር ቀለበት አለ? ካለ፣ በአብዛኛው ርካሹ ተራ አዳፕተር ይበቃዎታል። ከሌለ፣ ሌንሱ የካሜራውን ትእዛዝ የሚጠብቅ ዓይነት ነውና ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ለእሱ ኋላ ላይ እመለሳለሁ። በአዳፕተር የሚከስሩ ሰዎች በብዛት እነዚህን ሁለቱን ያምታቱ ናቸው።

ርቀቱን ይረዱ

ማንኛውም ሌንስ ከፊልሙ ወይም ከሰንሰሩ በተወሰነ ርቀት ላይ እንዲያርፍ ሆኖ ነው የሚሠራው። ርቀቱ የሚለካው ሌንሱ ከሚገጠምበት የካሜራው የብረት ክብ እስከ ሰንሰሩ ድረስ ነው። እንደ ዜኒት ባሉ የፊልም ካሜራዎችና በዲኤስኤልአር ውስጥ ብድግ ዝቅ የሚል መስታወት ስላለ ርቀቱ የግድ ሰፊ ነበር፤ ኤም42 በሚባለው ባለጥርስ ማውንት (መግጠሚያ) 45.46 ሚሊሜትር፣ በኒኮን ኤፍ 46.5፣ በካኖን ኢኤፍ 44፣ በሚኖልታ 43.5፣ በካኖን ኤፍዲ 42 ነው። ሚረርለስ ሲመጣ መስታወቱ ወጣ፤ ርቀቱም አጠረ። ሶኒ ኢ 18፣ ካኖን አርኤፍ 20፣ ኒኮን ዜድ 16፣ ፉጂፊልም ኤክስ 17.7 ሚሊሜትር ነው።

አዳፕተሩ የሚሞላው ይህንን ልዩነት ነው። ከ45.46 ላይ 18 ሲቀነስ 27.46 ይቀራል፤ ስለዚህ ኤም42 ሌንስን ከሶኒ ጋር የሚያገናኘው አዳፕተር ውፍረቱ ያንኑ ያህል ነው። ውስጡ ባዶ ነው፤ ብርጭቆ የለበትም። የፎቶውን ጥራት የሚቀንስበት ምክንያትም የለም። ያው ሌንስ በኒኮን ዲኤስኤልአር ላይ ግን ያስቸግር ነበር፤ ካሜራው ራሱ 46.5 ስለሚጠይቅ ሌንሱ ከሚገባው በላይ ወደ ውጭ ይርቅና፣ አዳፕተሩ ውስጥ ማስተካከያ ብርጭቆ ካልተጨመረ በስተቀር የራቀ ነገር ሁሉ ይደበዝዛል። የድሮ ሌንሶች ሚረርለስ ከመጣ ወዲህ እንደገና የተፈለጉት በዚህ የተነሳ ነው።

ማውንቱን ይወቁ

ቀጥሎ የሌንሱን ጀርባ ያገላብጡ። ጠርዙ እንደ ጠርሙስ አፍ ጥርስ ካለውና ተጠምዝዞ የሚገባ ከሆነ፣ ማስመሪያ አምጥተው ክቡን ከዳር እስከ ዳር ይለኩ። 42 ሚሊሜትር ከሆነ ኤም42 ነው። ብዙዎቹ ዜኒቶች፣ ፕራክቲካዎችና የድሮዎቹ ፔንታክሶች በዚሁ የሚሠሩ ናቸው። 39 ከሆነ ግን ቆም ይበሉ። በ39 ሚሊሜትር ጥርስ የተሠሩ ሁለት የማይገናኙ ቤተሰቦች አሉ። ዞርኪና ፌድ የሚባሉት የሶቪየት ካሜራዎች የሌይካን መለኪያ ይከተላሉ፤ ርቀታቸው 28.8 ሚሊሜትር ነው። የመጀመሪያዎቹ ዜኒቶች ግን ጥርሳቸው ያው ሆኖ ርቀታቸው 45.2 ነው። የድሮ ዜኒት ሌንስ በሌይካ አዳፕተር ላይ ያለ ችግር ተጠምዝዞ ይገባል፤ ምንም ነገር ግን ጥርት አድርጎ አያሳይም። መፍትሔው ቀላል ነው። ከ39 ወደ 42 የሚያሰፋ ቀጭን ቀለበት ጥርሱ ላይ ያስገቡና ኤም42 አዳፕተር ይጠቀሙ።

ጥርስ ከሌለው፣ ገብቶና ትንሽ ዞሮ ቀጭ ብሎ የሚቆለፍ ዓይነት ነው። ይህን በማስመሪያ አይለዩትም፤ ከፊቱ ያለውን ጽሑፍ ያንብቡ። ኒኮር ካለ ኒኮን ነው፤ ሮኮር ካለ ሚኖልታ፤ ዙይኮ ካለ ኦሊምፐስ ነው። ካኖን ላይ ኤፍዲ የሚለውን ፊደል ይፈልጉ። ቶኪና፣ ታምሮንና ቪቪታር ለብዙ ዓይነት ማውንት ይሠሩ ስለነበር ስማቸው ብቻውን አይበቃም፤ የሌንሱ የቀድሞ ካሜራ ምን እንደነበረ ይጠይቁ፤ ካልሆነም የጀርባውን ፎቶ አንስተው ለሚያውቅ ሰው ያሳዩ።

በባትሪ ይፈትሹት

ከሰው ሊገዙ ከሆነ፣ ከጀርመን የአሮጌ ዕቃ ገበያም ይሁን ከአሜሪካ ያገለገለ ዕቃ መደብር፣ ከአዲስ አበባም ይሁን ከኢንተርኔት፣ ይህንን ሳያደርጉ ዋጋ አይጨርሱ። የፊትና የኋላ ክዳኑን ያንሱ። አፐርቸሩን እስከ መጨረሻው ይክፈቱ። የስልክዎን ባትሪ አብርተው ከኋላ በኩል አስጠግተው በትንሹ ሰያፍ ያድርጉትና ከፊት በኩል ወደ ውስጥ ይመልከቱ። በመብራት ሲታይ ማንኛውም የድሮ ሌንስ ትንሽ አቧራ አለው፤ አያስደንግጥዎ፤ ፎቶ ላይ አይታይም። የሚፈለገው ሌላ ነው። እንደ ሸረሪት ድር ወይም እንደ ዛፍ ሥር ከጠርዙ ወደ መሃል የሚዘረጉ ቀጫጭን መስመሮች ሻጋታ ናቸው። ብርጭቆው በሙሉ እንደተነፈሱበት ዓይነት ጉም ከለበሰ ደግሞ የውስጡ ቅባት ተንኖ ተለጥፎበታል ማለት ነው፤ ፎቶዎ ሁሉ ነጣ ያለና የደከመ ይሆናል። ከፊት ብርጭቆ ላይ ያለች አንዲት ጭረት ዋጋ ለማስቀነሻ ትጠቅማለች እንጂ ፎቶ አታበላሽም። ከኋላ ብርጭቆ ላይ ያለ ጭረት ግን የከፋ ነው።

ከዚያ የአፐርቸሩን ቀለበት ወዲያና ወዲህ እያዞሩ ቅጠሎቹን ይመልከቱ። ዘይት ካረፈባቸው ያብለጨልጫሉ። በእጅዎ ብቻ በሚከፈት በሚዘጋ ሌንስ ላይ ይህ ብዙም አይጎዳም። ቅጠሎቹ በሞላ ኃይል ፈጥነው መዘጋት ባለባቸው ሌንሶች ላይ ግን ይያያዛሉ። በመጨረሻ የፎከሱን ቀለበት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዙሩ። ከበድ ካለ ግራሶው ደርቋል፤ ሰው ሊያድሰው ይችላል። አንድ ቦታ ላይ ገትሮ የሚይዝዎ ከሆነ ግን ወድቆ የነበረ ሌንስ ሊሆን ይችላል፤ ይለፉት።

ብርጭቆው ወደ ቢጫ ካደላ አይደንግጡ። እንደ ሱፐር ታኩማር 50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.4 ባሉ አንዳንድ የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ሌንሶች ብርጭቆ ውስጥ ቶሪየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ በጊዜ ብዛት ብርጭቆውን ቢጫ የሚያደርገው እሱ ነው። የአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያገኝ ቀስ በቀስ ይጠራል። ፀሐይ ላይ ላስቀምጠው ካሉ አጠገቡ ቆመው ይጠብቁ፤ ብርጭቆው ጨረሩን አሰባስቦ ጨርቅ ወይም እንጨት ሊያቃጥል ይችላል። ትንሽ የአልትራቫዮሌት መብራት ይሻላል። ቶሪየም ባለበት ሌንስ ፎቶ ማንሳት አያሰጋም፤ ፈትቶ ብርጭቆውን መሞረድና መፋቅ ግን ክልክል ይሁንብዎ።

አዳፕተሩን መምረጥና መግጠም

ሲገዙ ሁለት ስም ይጥሩ፦ መጀመሪያ የሌንሱን፣ ቀጥሎ የካሜራውን። ከኤም42 ወደ ሶኒ ኢ፣ ከኒኮን ኤፍ ወደ ፉጂፊልም ኤክስ፣ እንዲህ እያሉ። ርካሾቹና ውዶቹ የሚለያዩት በብርጭቆ አይደለም፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው። ልዩነቱ ያለው የብረቱ ልክ ላይ ነው። ጥሩ አዳፕተር ሲገጠም አይወዛወዝም፤ ውስጡም ብርሃን እንዳያንጸባርቅ ደንዝዞ የጠቆረ ነው። ውስጡ የሚያብለጨልጭ ከሆነ በፀሐይ ፊት ሲያነሱ ፎቶው ላይ ነጭ ጭጋግ ያመጣል። ገበያ ላይ ብርጭቆ ያለባቸው፣ የሌንሱን ርዝመት ወደ 0.71 እጥፍ በማሳጠር እይታውን የሚያሰፉና አንድ ደረጃ ብርሃን የሚጨምሩ አዳፕተሮችም አሉ። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው አነስተኛ ሰንሰር ላለው ካሜራ ጠቃሚ ናቸው፤ ርካሾቻቸው ግን ጠርዙን ያደበዝዛሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ባዶውን ይያዙ።

ኤም42 ሌንስ ከያዙ ጀርባውን አንድ ጊዜ ደግመው ይዩት። ከጠርዙ አጠገብ ሲጫኗት የምትገባ ትንሽ ብረት ካለች፣ ሌንሱ አፐርቸሩን የሚዘጋው ያቺ ብረት ስትጫን ብቻ ነው። ሌንሱ ጎን ኤ እና ኤም የሚል ማብሪያ ካለ ወደ ኤም ይግፉት፤ በቃ። ማብሪያ ከሌለው፣ ለምሳሌ ሄሊዮስ 44ኤም-4ን በመሰሉት ላይ፣ ውስጡ ከንፈር ኖሮት ብረቷን የሚጫን አዳፕተር ይጠይቁ። አለበለዚያ ቀለበቱ ይዞራል እንጂ ቅጠሉ አይንቀሳቀስም፤ ሁሉም ፎቶዎ በሙሉ ክፍቱ ይነሳል።

ካኖን ኤፍዲም የራሱ ጠባይ አለው። አዳፕተሩ ላይ ሎክ እና ኦፕን የሚል ቀለበት አለ። ኦፕን ላይ አድርገው ሌንሱን ይግጠሙ፤ ከዚያ ወደ ሎክ ያዙሩ። የሌንሱ አፐርቸር አረንጓዴዋ ኤ ላይ ከሆነ አውጥተው ቁጥር ላይ ያድርጉት። ሲጨርሱ ከፊት እያዩ ቀለበቱን ያዙሩ፤ ቅጠሎቹ ሲጠቡ ካዩ ተገናኝቷል።

የዞርኪንና የፌድን ሌንስ ለሚገጥሙ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ጁፒተር-12 35 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 የኋላ ብርጭቆው እንደ አምፖል ወደ ውስጥ የወጣ ነው። በአንዳንድ ካሜራና አዳፕተር ላይ ውስጥ ያለውን አካል ሊነካ ይችላል። በግድ አያስገቡት።

ካሜራዎ እንዲያምን ያድርጉት

አዲሱ ካሜራ በኤሌክትሪክ የማያናግረውን ሌንስ ሲያገኝ ምንም እንዳልተገጠመበት ይቆጥራል። ብዙ ሰው ካሜራው ተበላሽቷል ብሎ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ሜንዩ ውስጥ ይግቡና ሶኒ ላይ «ሪሊዝ ዊዝአውት ሌንስ»፣ ፉጂፊልም ላይ «ሹት ዊዝአውት ሌንስ»፣ ካኖን ላይ «ሪሊዝ ሹተር ዊዝአውት ሌንስ» የሚለውን ፈልገው ያብሩት።

ቀጥሎ ካሜራዎ ሰንሰሩን እያንቀሳቀሰ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያስተካክል ከሆነ፣ የሌንሱን ርዝመት በእጅዎ ይንገሩት። ለሄሊዮስ 58 ብለው ያስገቡ። ኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ስለሆነ በ1.5 ላባዛው ብለው 87 አይጻፉ፤ ካሜራው የራሱን ሰንሰር ያውቃል፤ የሚፈልገው ሌንሱ ላይ የተጻፈውን ነው። ሌንስ ቀይረው ይህን ቁጥር ከረሱ ማስተካከያው ከመርዳት ይልቅ ፎቶውን ያደበዝዛል።

የማንሻውን ዘዴ ኤ ላይ ያድርጉ። አፐርቸሩን እርስዎ በሌንሱ ላይ ይመርጣሉ፤ የሹተሩን ፍጥነት ካሜራው ያወጣል። ለማይቆም ሰው የሹተሩ ፍጥነት ከ1/125 እንዳይወርድ አይኤስኦውን ለቀቅ ያድርጉት። ፎቶው ላይ የሚመዘገበው መረጃ አፐርቸሩን አያውቅም፤ ማስታወስ ከፈለጉ በወረቀት ይያዙ።

ፎከስ

ሥራው እዚህ ነው። የካሜራው ስክሪን ላይ ጥርት ያለውን ጠርዝ በቀይ ወይም በቢጫ ነጠብጣብ የሚያሳይ «ፎከስ ፒኪንግ» የሚባል መርጃ አለ። ለመንገድ፣ ለሕንጻ፣ ለአፐርቸር 5.6 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። ሌንሱ በሙሉ ክፍቱ ሲሆን ግን ይዋሻል፤ አፍንጫና ጆሮው ሁሉ ነጠብጣብ ለብሶ ዓይኑ ግን ያመለጠ ፎቶ ያወጣልዎታል። ለሰው ፊት የማጉያውን ቁልፍ ይጠቀሙ። አንድ የካሜራ ቁልፍ ለማጉያ ይመድቡ፤ ዓይኑ ላይ አጉልተው የሽፋሽፍቱን ፀጉር እስኪለዩ ድረስ ያዙሩ፤ ሳይዘገዩ ይጫኑ። በ58 ሚሊሜትርና በኤፍ 2 አንድ ሜትር ያህል ቀርበው ሲያነሱ፣ እርስዎም ሰውየውም ትንፋሽ ስትወስዱ የምትወዛወዙት ልክ ዓይኑን ለማሳት ይበቃል። ሁለት ሦስት ደጋግመው ያንሱ።

ሌንሱ ላይ ያለውን የወሰን አልባ ምልክት አይመኑት። ብዙ አዳፕተሮች ሆን ተብሎ ከልካቸው በትንሹ አጥረው ስለሚሠሩ፣ ሌንሱ ከሩቁ ተራራ አልፎ ይሄዳል። እንጦጦን ለማንሳት ቀለበቱን እስከ መጨረሻው ገፍተው ከተዉት ተራራው ይደበዝዛል። በስክሪኑ እያዩ ያቁሙት።

ሄሊዮስ 44-2ን በቅርብ እንመልከት፤ ብዙ ቤት የሚገኘው እሱ ስለሆነ፣ ለጀማሪም እሱን ስለምመክር። 58 ሚሊሜትር ነው፤ እስከ ኤፍ 2 ይከፈታል፤ አሠራሩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከነበረው የካርል ዛይስ የና ቢዮታር የመጣ ነው። ከፊት በኩል ሁለት የአፐርቸር ቀለበቶች አሉት። አንደኛው ቁጥሩን ይወስናል፤ ሁለተኛው በሙሉ ክፍቱና በተወሰነው ቁጥር መካከል ያለ ቀጭታ ወዲያ ወዲህ ይሄዳል። በፊልም ካሜራ ጊዜ ሰው በክፍቱ ፎከስ አድርጎ፣ ዓይኑን ሳያነሳ ሁለተኛውን እስኪገታ ድረስ አዙሮ ያነሳ ነበር። ዛሬም ይህ አሠራር ምቹ ነው። ቁጥሩን 4 ላይ ያስቀምጡ፤ በ2 ዓይን ላይ ፎከስ ያድርጉ፤ ሁለተኛውን ይዝጉ፤ ያንሱ። ቪዲዮ የሚሠሩ ደግሞ የመጀመሪያውን 16 ላይ ይተዉትና በሁለተኛው ብቻ ብርሃኑን ያለ አንዳች ድምፅ ይጨምሩ ይቀንሱ።

ይህ ሌንስ የሚታወቀው ከጀርባ ያለውን ነገር እንደ አዙሪት በማዞሩ ነው። አዙሪቱን ለማግኘት አፐርቸሩን 2 ላይ ይክፈቱ፤ ሰውየውን አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ላይ ያቁሙ፤ ከኋላው አምስት ስድስት ሜትር ራቅ ብሎ በቅጠሉ መካከል ሰማይ የሚያሳይ ዛፍ ይፈልጉ። የጥድ ወይም የግራር ጥላ ከሰዓት በኋላ ግሩም ነው። ቅጠሎቹ መካከል ያሉት የብርሃን ነጥቦች ወደ ጠርዝ ሲሄዱ እንደ ዓሣ ቅርጽ ጠፍጠፍ ብለው በሰውየው ዙሪያ ይዞራሉ። ከጀርባ ግድግዳ ካለ ምንም አይገኝም። አዙሪቱ የሚበረታው ጠርዝ ላይ ስለሆነ፣ ጠርዙን በማይቆርጥ ፉል ፍሬም ካሜራ ላይ በደንብ ይታያል፤ በኤፒኤስ-ሲ ላይ ቀጭን ነው፤ ግን ያኔ ሌንሱ እንደ 87 ሚሊሜትር ሆኖ ለፊት ፎቶ ይበልጥ ይመቻል።

የድሮ ሌንሶች የብርጭቆ ቅብ እንደ ዛሬዎቹ አይደለም፤ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመታቸው ቀለሙ ይታጠባል። ጥላ የሚሰጥ የጎማ ኮፍያ ይግዙላቸው፤ ለሄሊዮስ 44-2 በ49 ሚሊሜትር ጥርስ ይገባል። ካልሆነ የግራ መዳፍዎን ከሌንሱ በላይ ዘርግተው ጥላ ይስጡት፤ ጣትዎ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ብቻ።

ቀለበት የሌለው ሌንስ

ሠርግ ሲያነሱ ኖረው ከካኖን ዲኤስኤልአር ወደ ሚረርለስ የሚሻገሩ ባለሙያዎች የሚጠይቁት ስለዚህኛው ነው። ካኖን ኢኤፍን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አፐርቸሩ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ ይታዘዛል። በባዶ አዳፕተር ከገጠሙት ተከፍቶ ይቀራል፤ ፎከሱም በራሱ አይሠራም። ካሜራዎ ካኖን አርኤፍ ከሆነ የካኖንን የራሱን ኢኤፍ-ኢኦኤስ አር አዳፕተር ይግዙ። 24 ሚሊሜትር ውፍረት አለው፤ ብርጭቆ የለውም፤ የኤሌክትሪክ መገናኛው ስላለው የራሱ ፎከስ እንደ ድሮው ይሠራል። ለዚህ ገንዘብ አይሰስቱ።

ኒኮን ላይ ጉዳዩ ተደባልቋል። የኒኮን ኤፍ ማውንት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ በኤፍቲዜድ አዳፕተር በኩል ብዙዎቹ ሌንሶች በዜድ ካሜራ ላይ ይገጥማሉ። ሞተር የያዙት ኤኤፍ-ኤስ እና ኤኤፍ-ፒ በራሳቸው ፎከስ ያደርጋሉ። ኤኤፍ-ዲ የሚባሉት ግን ሞተር የላቸውም፤ ካሜራው ውስጥ ባለ ብሎን ነበር የሚሽከረከሩት፤ ኤፍቲዜድ ያ ብሎን ስለሌለው በእጅ ብቻ ይሠራሉ። ያለዎት ኤኤፍ-ዲ ብቻ ከሆነ ውዱን አዳፕተር የሚገዙበት ምክንያት ቀንሷል። ጂ የሚል ፊደል ያለበት ሌንስ ቀለበት የለውም፤ ለሌላ ካሜራ ሲገጥሙት አፐርቸሩን በራሱ ቀለበት የሚያንቀሳቅስ አዳፕተር ይፈልጉ። ኢ የሚል የተጻፈባቸውን ደግሞ በባዶ አዳፕተር አይሞክሩ፤ አፐርቸራቸው በኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚሠራው።

አያያዝ

አዳፕተሩን ከሌንሱ ጋር እንደተገጠመ ቢተዉት ይሻላል፤ ለእያንዳንዱ ሌንስ አንድ አንድ ርካሽ አዳፕተር መያዝ በየጊዜው ጥርስ ከመፍታት ያድናል። ከባድ 200 ሚሊሜትር ሌንስ ሲሆን ክብደቱን በሌንሱ ይያዙ እንጂ በካሜራው አንገት አያንጠልጥሉት። ሌንሱን ሲቀይሩ ካሜራውን አጥፍተው አፉን ወደ ታች ያድርጉ፤ የድሮ ሌንስ ጀርባ የደረቀ ግራሶና የቀለም ቅርፊት ያራግፋልና ከመግጠምዎ በፊት በአየር መንፊያ ያራግፉት።

ክረምት ላይ፣ ሐምሌና ነሐሴ፣ ሌንስ በቆዳ ማኅደሩ ውስጥ አያስቀምጡ። ቆዳው እርጥበት ይይዛል፤ ሻጋታ የሚጀምረውም እዚያ ነው። በሚከደን የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እርጥበት የሚመጥጡ ከረጢቶች ጨምረው ያስቀምጡት። ከረጢቶቹ እርጥበት ሲጠግቡ መሥራት ያቆማሉ፤ በየክረምቱ በአዲስ ይተኩ። ሻጋታ ያለበት ሌንስ ከገዙ ከጤነኞቹ ጋር አብሮ አይቀመጥ፤ በሳምንት አንድ ቀን ሁሉንም አውጥተው ጥቂት ፎቶ ያንሱባቸው።